ከሰሉ ለላይኛው፣ ዝቃጩ ለታችኛው

ጋምቤላ ከድንጋይ ከሰል ጋር ምን አገናኛት ለሚል ሰው መልሱ ባሮ ነው። ባሮ የሚወለደው የገባና የብርብር ወንዞች በኢሉባቦር ምድር ሲገናኙ ነው። ገባ ደግሞ የያዩን ጫካ ሰንጥቆ የሚመጣ ወንዝ ነው። ያዩ በሁለት ሀብቶች ትታወቃለች፤ አንደኛው ጫካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው ቡና፣ ሁለተኛው ከመሬቱ ሥር የተኛው የድንጋይ ከሰል ነው። የቡናው ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከሰሉ ደግሞ በተራው የመንግሥትንም የባለሀብቱንም ዓይን ስቧል።

ያዩ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከቀናት በኋላ ጋምቤላ ድልድይ ሥር ያልፋል። ከዚያ ወደ ኢታንግና ወደ ጂካዎ ይወርዳል፣ ድንበር ተሻግሮ ሶባት ይሆናል፣ በመጨረሻም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ ደጋው ላይ ከሰል ይቆፈር፣ ይታጠብ፣ ዝቃጩም በግድብ ይጠራቀም ሲባል ውሳኔው የያዩ ወይም የኦሮሚያ ብቻ አይሆንም። የሒሳቡ አንድ ቅጠል ጋምቤላ ላይ ይገለጣል።

የከሰሉ ፍላጎት የመጣው ከሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። የአገሪቱ ፋብሪካዎች ድሮ በከባድ ነዳጅ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፣ ከሰሉንም በብዛት ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ይገዙ ጀመር። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ከሰሉ ይጠፋል፣ ከሰሉ ሲጠፋ ሲሚንቶው ይወደዳል፣ ሲሚንቶው ሲወደድ ግንባታው ይቆማል። መንግሥት ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዓላማውም ትክክለኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተመረቀውን የለሚ ፋብሪካ የመሰለ ግዙፍ ምድጃ በተጨመረ ቁጥር ፍላጎቱ እያደገ ይሄዳል። ከሰል ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ክርክር በተግባር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ያልተዘጋው የዝቃጩ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያ ከሰል አመዱ ብዙ ነው። ከመሬት የወጣው ከሰል ውስጥ ሸክላ፣ አሸዋና ድኝ ያለበት ድንጋይ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ቢከተት ሙቀቱ ያንሳል፣ ሲሚንቶውም ይበላሻል። ስለዚህ ይፈጫል፣ ይታጠባል። ቀላሉ ከሰል ወደ ላይ ሲለይ ከባዱ ድንጋይ ይዘቅጣል። ፋብሪካው ሁለት ነገር ያስወጣል። አንዱ የሚሸጠው ንፁህ ከሰል ነው። ሌላው ገዢ የሌለው ነው፤ ግማሹ ጠጠር ግርድፍ፣ ግማሹ ደግሞ እንደ አተላ የሚፈስ ጥቁር ዝቃጭ።

ጠጠሩ ይከመራል። ጥቁሩ ዝቃጭ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ በመኪና ተጭኖም አይሄድም። በመላው ዓለም የተለመደው መፍትሔ ሸለቆ መርጦ አፉን በግድብ መዝጋትና ዝቃጩን ከኋላው ማፍሰስ ነው። የማዕድን ሰዎች ቴይሊንግ ዳም ይሉታል። መጠኑን ለመገመት በምሳሌ ማስላት ይጠቅማል። አንድ ማጠቢያ በዓመት 500ሺህ ቶን ጥሬ ከሰል ቢያጥብና ሲሦው ቢወገድ በዓመት ከ160ሺህ ቶን በላይ ይጠራቀማል። በ20 ዓመት ከ3 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል። ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኑ ሲነቀል ይህ ክምር የትም አይሄድም።

የውኃ ግድብና የዝቃጭ ግድብ በስም ይመሳሰሉ እንጂ በኢኮኖሚ ጠባያቸው ተቃራኒ ናቸው። ጋምቤላ ውስጥ ግድብ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው አቦቦ አጠገብ ያለው፣ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ ነው። አልዌሮ የያዘው ውኃ ሀብት ነው፤ ሩዝ ያበቅላል፣ ዓሣ ይረባበታል፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው ምንጊዜም አይጠፋም። የዝቃጭ ግድብ የያዘው ግን ዕዳ ነው። ማዕድኑ እየተሸጠ ባለበት ጊዜ ገቢው ጠባቂውን ይከፍላል። ማዕድኑ ሲያልቅ ግን ገቢው ይቆማል፣ ግድቡ ይቀራል። የአልዌሮ ግድብ አንድ ጊዜ በሙሉ ቁመቱ ተሠርቶ አልቋል። የዝቃጭ ግድብ በየዓመቱ ከፍ ይደረጋል፣ ብዙውን ጊዜም የሚሠራበት ነገር ያው ግርድፉ ራሱ ነው። ርካሽ የሚያደርገውም አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ውኃ የጠገበ ግርድፍ ሲናወጥ ወይም ጫና ሲበዛበት ጥንካሬውን በአንድ አፍታ አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1972 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በባፋሎ ክሪክ ሸለቆ የሆነው ይህ ነው። ግድቡን የሠራው ፒትስተን የተባለው የከሰል ኩባንያ ሲሆን፣ የከሰል ግርድፉን የቀድሞው ግድብ ዝቃጭ ላይ ከምሮ ነበር ያሳደገው። ማስተንፈሻ አልነበረውም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አንድ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ነበር። ከአራት ቀናት በፊት የመጣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሁኔታው አጥጋቢ ነው ብሎ ሄዷል። ለቀናት ዘነበ። በመጨረሻው ሌሊት የኩባንያው ሰዎች የውኃውን መጠን ግድቡ ዳር በተከሉት እንጨት እየለኩ ወደ ጫፉ ሲጠጋ አዩ፤ ታች ላሉት መንደሮች ግን ይፋዊ ማስጠንቀቂያ አልደረሰም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግድቡ ተደረመሰ። ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ጥቁር ውኃ ሸለቆውን ጠርጎ ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ ከሸለቆው 5ሺህ ነዋሪዎች 4ሺዎቹ ቤት አልባ ሆኑ።

ኩባንያው የደረሰውን የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። ግዛቲቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቃ ከሰሰች፤ አገረ ገዢው እ.ኤ.አ. በ1977 ሥልጣን ሊለቁ ቀናት ሲቀራቸው በ1 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ከመቶ አንድ ማለት ነው። ከጥፋቱ የተረፉት ሰዎች በራሳቸው ጠበቆች ተከራክረው 13.5 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። የቀረውን ወጪ የተሸከመው ግብር ከፋዩ ነው።

ከባፋሎ ክሪክ አደጋ ከአምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዌልስ አበርፋን የተባለች የከሰል ቆፋሪዎች መንደር 144 ሰዎች አጥታለች፤ ከእነዚህ 116ቱ ሕፃናት ናቸው፣ አብዛኞቹም ጠዋት ክፍል ገብተው የተቀመጡ ነበሩ። በተራራው ላይ፣ ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ የተከመረው ግርድፍ ነው ተንሸራቶ ትምህርት ቤቱን የዋጠው። የዚህን አሳዛኝ ታሪክ የሒሳብ ገጽ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከተራራው ላይ የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ወጪ ሲፈለግ፣ ለተጎጂዎች ከተዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ላይ 150ሺህ ፓውንድ ተወሰደ። ክምሩ የመንግሥት የከሰል ቦርድ ነበር። ጥፋቱም የቦርዱ መሆኑን መርማሪው ጉባኤ አረጋግጧል። ያም ሆኖ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች የገዳዩን ክምር ማስነሻ ከፈሉ። ገንዘቡ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ ያውም ያለ ወለድ።

በኢኮኖሚ ሳይንስ ይህ ዓይነቱ ነገር ውጫዊ ወጪ ይባላል፤ በአምራቹ ሒሳብ መዝገብ ውስጥ የማይገባ፣ በሌላ ሰው ጤና፣ በሌላ ሰው እርሻ፣ በሌላ ሰው ወንዝ ላይ የሚጻፍ ወጪ ማለት ነው። የዝቃጭ ግድብ ግን ከፋብሪካ ጭስ የሚለይበት ነገር አለ። ጭሱ የሚጎዳው ፋብሪካው በሚሠራበት ጊዜ ነው። ግድቡ ግን ወጪውን ለዓመታት አዘግይቶ ነው የሚያመጣው። መዘግየቱ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ 1 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ የመዝጊያ ሥራ በዓመት 10 በመቶ ተቀናሽ ሲታሰብ ዛሬ የሚመዝነው 149 ሚሊዮን ብር ገደማ ብቻ ነው። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ የሒሳብ ማሽኑ ራሱ ዝቃጩን አሳንሶ ያሳየዋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ ባለአክሲዮኖቹ ትርፋቸውን ቀድመው ተካፍለዋል።

ይህን ለመከላከል የተፈጠረው መሣሪያ ማስያዣ ነው። አሜሪካ ከባፋሎ ክሪክ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ የከሰል ኩባንያ መሬት ከመንካቱ በፊት ለመልሶ ማልማት የሚበቃ ዋስትና እንዲያስይዝ አስገደደች። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው የጥቂት ወራት ቅድሚያ ተቀብሎ ነው ቁልፍ የሚሰጠው፤ ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ትልልቅ ኩባንያዎች ሀብታችን ይበቃል ብለው በራሳቸው ስም ለራሳቸው ዋስ እንዲሆኑ ተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የከሰል ዋጋ ሲወድቅ አልፋ፣ አርች እና ፒቦዲ የተባሉት ግዙፎች ተከታትለው ኪሳራ አወጁ፤ በስማቸው የቆመው ዋስትናም በዚያው ባዶ ወረቀት ሊሆን ተቃረበ።

በዌስት ቨርጂኒያ ብራሺ ፎርክ የሚባለው የዝቃጭ ግድብ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ከ270 ሜትር በላይ ከፍ እንዲልና ከ30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የከሰል ዝቃጭ እንዲይዝ የተነደፈ ነው፤ ሥሩ ደግሞ በአሮጌ የከሰል ዋሻዎች የተቦረቦረ ነው። ባለቤቱ ማሲ ኢነርጂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአልፋ ተሸጠ፤ አልፋ በ2015 ኪሳራ ውስጥ ገባ። የኩባንያ ስም ይለወጣል፣ ባለቤት ይለወጣል፣ ግድቡና ከሥሩ ያለው ሕዝብ ግን እዚያው ናቸው።

የዋሻው ነገር በከንቱ የሚነሳ ሥጋት አይደለም። የማሲ ኢነርጂ ንብረት በሆነ ሌላ ቦታ፣ በኬንታኪ ግዛት ማርቲን ካውንቲ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 2000 የዝቃጭ ገንዳ ወለሉ ተሸነቆረና ዝቃጩ ከሥሩ ወዳለው አሮጌ ማዕድን ዋሻ ገባ፣ ከዋሻው አፍም ወደ ሁለት ጅረቶች ወጣ። ከ1.1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነበር። ሰው አልሞተም። ጅረቶቹ ውስጥ ግን ዓሣ አልተረፈም፣ የ27ሺህ ሰዎች የመጠጥ ውኃም ተበከለ። የፌዴራሉ የማዕድን ደህንነት መሥሪያ ቤት ያስከፈለው ቅጣት በመጨረሻ 5,600 ዶላር ሆነ። ለጋምቤላ ከባፋሎ ክሪክ ይልቅ የሚቀርበው ይህኛው አደጋ ነው። ከያዩ እስከ ጋምቤላ ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ የጎርፍ ግድግዳ ከተማዋ ድረስ ላይመጣ ይችላል፤ የተበከለው ውኃ ግን ይመጣል።

ባሮ ደግሞ ከወራጅ ውኃነቱ በላይ ነው። የጋምቤላ ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚቀዳው ከእርሱ ነው። በኢታንግ በኩል ላሉት መንደሮችና የስደተኛ መጠለያዎች ውኃ የሚሰጡት ጥልቅ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በዳርቻው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወደ 307ሺህ ሕዝብ የነበረው ክልል ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል፤ የሁሉም ጀሪካን ዞሮ ዞሮ የሚሞላው ከዚሁ ተፋሰስ ነው። በክረምት ወንዙ ቡናማ ሆኖ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። በበጋ ይጎድልና ዳር ዳሩ አሸዋ ያወጣል፤ ልብስ የሚያጥበው፣ ገላውን የሚታጠበው፣ ውኃ የሚቀዳው አንድ ቦታ ላይ ይሰባሰባል። ዓሣ አጥማጁ በታንኳው ሆኖ መረቡን የሚጥለውም እዚያው ነው፤ ናይል ፐርች፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ ያወጣል፣ የተረፈውን ያደርቃል። ለአኙዋክም ለኑዌርም ዓሣ የገበያ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የእህል ክፍተት የሚሸፈንበት ምግብ ነው።

የበጋው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በክረምት ብዙ ውኃ ስላለ የመጣው ብክለት ይቀጥናል። በበጋ ግን ያው መጠን ያለው ዝቃጭ ከደጋው ቢንጠባጠብ የሚያቀጥነው ውኃ የለም። ድኝ ያለበት ድንጋይ አየርና ውኃ ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ ከድንጋዩ ውስጥ ማንጋኒዝ፣ አርሴኒክና ሌሎች ብረቶችን እያሟሟ ይወስዳል። ይህ ግድብ ሳይፈርስም የሚሆን ነገር ነው። በደጋው ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ በጅማና በኢሉባቦር አካባቢ እሸት ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ገለባና አተላቸውን ወደ ጅረት ሲለቁ በቡና ወቅት ውኃው ይሸታል፣ ከብት አይጠጣውም። የቡና አተላ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። የከሰል ዝቃጭ ግን አይበሰብስም።

ግድብ ይጠበቃል፣ ይጠናከራል፣ አይፈርስም የሚል ባለሀብት ቢመጣ ጋምቤላ የራሷ ማስታወሻ አላት። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ባሮ ዳር ሰፊ መሬት ተከራይቶ በቆሎ ሲያለማ ወንዙን ለመከላከል 80 ኪሎ ሜትር ያህል የአፈር መከላከያ ሠርቶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ባሮና አልዌሮ ሞልተው መከላከያውን ጣሱት፤ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት በቆሎ ውኃ በላው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የኩባንያው ውል ተሰረዘ። በዚያ መከላከያ ውስጥ የነበረው በቆሎ ስለነበር ከሳሪው ኩባንያው ራሱ ሆነ። ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ ከሳሪው ሌላ ነበር። ኢሉባቦር ደግሞ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ እዚያ የሚሠራ ማንኛውም የዝቃጭ ግድብ የሚፈተነው በአማካይ ዓመት ዝናብ ሳይሆን በዘመን አንዴ በሚመጣው ነው።

የማዕድን ዝቃጭ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ለሚድሮክ ከተላለፈ በኋላ ለ20 ዓመት ሲሠራ ሲያናይድ የነካውን ዝቃጭ በግድብ ሲያጠራቅም ቆየ። በሻኪሶ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች በልጆቻቸውና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት ደረሰ ብለው ተቃውሞ አነሱ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኩባንያው ፈቃድ ታገደ። ማዕድኑ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ አገሪቱ የወርቅ ዶላር አጣች፣ ሠራተኛው ደመወዝ አጣ፣ ኩባንያው ገቢ አጣ፣ ነዋሪውም ለጤናው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ ሲጠብቅ ቆየ። ዝቃጭን ቸል ማለት ርካሽ ነው የሚለው አስተሳሰብ በባለሀብቱ በራሱ ሒሳብም እንኳ አይሠራም። በብራዚል ብሩማዲንዮ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 የቫሌ ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ ፈርሶ 270 ሰዎች ሲሞቱ፣ በቀጣዩ የገበያ ቀን የኩባንያው አክሲዮን ሩቡን ያህል ዋጋ አጣ። በኋላ የተስማማበት ካሳ ከ37 ቢሊዮን ሪያል በላይ ነው። ግድቡ ከመፍረሱ ከወራት በፊት አስተማማኝ ነው የሚል የምስክር ወረቀት በባለሙያ ተፈርሞለት ነበር።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2025 በዛምቢያ የአንድ የቻይና የመዳብ ኩባንያ ዝቃጭ ግድብ ተሸንቁሮ 50 ሚሊዮን ሊትር ገደማ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ወደ ካፉዌ ወንዝ ገባ። የኪትዌ ከተማ የውኃ አቅርቦት ተቋረጠ፣ የሞተ ዓሣ በወንዙ ላይ ተንሳፈፈ፣ ምልክቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ታየ። በዓለም ልኬት ትልቅ የሚባል ፍሳሽ አይደለም፤ የአንድ ትልቅ ከተማን ቧንቧ ለመዝጋት ግን በቅቷል።

ያዩ ላይ እስካሁን የተሞከረው ትልቁ ነገር የማዳበሪያ ፋብሪካው ነው። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ሜቴክ ተረክቦ ከሰሉን ወደ ዩሪያ ሊለውጥ የተነሳው ይህ ፕሮጀክት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ከፈሰሰበት በኋላ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ቆሟል። ያኔ ስለ ወጪው፣ ስለ መዘግየቱና ስለ ኮንትራቱ በፓርላማም በጋዜጣም ብዙ ተባለ፤ ለእርሻቸው ካሳ አነሰን ያሉ ገበሬዎችም ተደመጡ። ፋብሪካው ሥራ ቢጀምር ኖሮ ከማጠቢያው የሚወጣው ዝቃጭ በገባ በኩል የት ይደርስ ነበር የሚለው ግን ጋምቤላ ላይ ተነስቶ ለአደባባይ ክርክር አልበቃም። ያ ፕሮጀክት ቆመ ማለት ከሰሉ ተረሳ ማለት አይደለም። በአነስተኛ ፈቃድ የሚወጣ ከሰል በጭነት መኪና ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይጓዛል፤ ማጠቢያ በበዛ ቁጥር የግድቡ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሕጉን መክፈት ያስፈልጋል፤ ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ይናገራልና። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 6 ላይ ከአንድ ክልል አልፎ በሌላ ክልል ተጽዕኖ የሚያስከትል ፕሮጀክት ባለቤት ግምገማውን ሲያካሂድ በዚያ በሌላው ክልል ያለውንና ጉዳት ሊደርስበት የሚችለውን ኅብረተሰብ ማማከር እንዳለበት ይደነግጋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለትን አስመልክቶ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለ ፈቃዱ ለአካባቢ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ የያዩን ከሰል ማጠቢያ ለማቋቋም የሚያመለክት ድርጅት ጋምቤላ ከተማ፣ ኢታንግና ጂካዎ ድረስ መጥቶ ሕዝብ የማነጋገር ግዴታ አለበት ብሎ መከራከር በሕግ የተደገፈ ነው።

ችግሩ ሕጉን የሚያስፈጽመው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጽዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድን እንዲመረት የሚገፋው መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት መርማሪ ሆነ ማለት ነው። ፈቃድ በሰጠ ቁጥር የሚመሰገን መሥሪያ ቤት ፈቃድ በመከልከሉ የሚመሰገን መሆን አይችልም። ክልል ተሻጋሪ ጉዳይ ሲሆን ምርመራው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ብቻ መሆን አለበት፤ ጋምቤላም ሰነዱ የሚላክላት ሳይሆን አስተያየቷ የሚጠበቅ ወገን መሆን አለባት።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስያዣው ነው። ገንዘብ መመደብ የሚለው ቃል በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ከሆነ የአሜሪካኖቹን ስህተት መድገም ነው። ገንዘቡ ከኩባንያው እጅ ወጥቶ ዝግ የባንክ ሒሳብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። በብር ከሆነም ሌላ አደጋ አለ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለቁፋሮና ለውኃ ማጣሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ከዚያ በፊት በብር የተያዘ ማንኛውም ዋስትና የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል። ማስያዣው በየዓመቱ በተመረተው ቶን ልክ የሚጨምርና በዋጋ ንረትና በምንዛሪ ተመን የሚስተካከል ካልሆነ ከ20 ዓመት በኋላ የግድቡን አጥር እንኳ አያሳድስም። ይህ የከሰሉን ዋጋ ያስወድደዋል የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ እውነትም ጥቂት ያስወድደዋል። ግን ያ ጥቂት ጭማሪ ድሮም የነበረ ወጪ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚከፍለው ሲሚንቶ ገዢው ሲሆን፣ አለበለዚያ የሚከፍለው ባሮ ዳር ያለው አጥማጅ መሆኑ ነው።

ገቢውም ቢሆን ሚዛኑ እንዲሁ የተዛባ ነው። ከማዕድን የሚገኘው ሮያሊቲ የሚታሰበው ማዕድኑ ከወጣበት ቦታ ጋር ተያይዞ ነው። የታችኛው ተፋሰስ ክልል በቀመሩ ውስጥ ስሙ የለም። ድሮ በደጋውና በቆላው መካከል የነበረው ግንኙነት እንዲህ አልነበረም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዞች ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬና የአካባቢው ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ በክረምት በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ደጋው ያመርታል፣ ቆላው ያስተላልፋል፤ ሁለቱም ያተርፋሉ። የከሰሉ መንገድ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲሚንቶ ምድጃዎቹ ነው። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃው ብቻ ነው።

በክልሉ ውስጥ በዲማ በኩል ያለው ወርቅ ደግሞ ጋምቤላን ራሷን የላይኛው ተፋሰስ ያደርጋታል። ዲማ ውስጥ ከባህላዊ ወርቅ አውጪዎች ሌላ፣ በኦስሎ ገበያ አክሲዮኑ የሚሸጠው አኮቦ ሚኒራልስ የሰገሌን ማዕድን ይዟል። ከዚያ የሚወርደው ውኃ ወደ አኮቦ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሱዳን ነው። ክልሉ ኦሮሚያን የሚጠይቀውን ጥያቄ ጎረቤት አገርም ጋምቤላን የመጠየቅ መብት አለው። ኢትዮጵያ ብዙ የደከመችበት የናይል ተፋሰስ ማዕቀፍ ስምምነት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ደቡብ ሱዳን ካጸደቁት አገሮች አንዷ ነበረች። ጉልህ ጉዳት አለማድረስ የሚለው የስምምነቱ መርህ ለግድብ ውኃ ብቻ አይደለም፣ ለውኃው ጥራትም ነው።

ከሁሉ በፊትና በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የውኃ ናሙና። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ወንዜ ተበከለ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ቀድሞ ምን ይመስል ነበር የሚል ነው። ዛሬ ባሮ ንጹህ በሆነበት ሰዓት በገባ መውረጃ፣ በጋምቤላ ድልድይና በኢታንግ በበጋም በክረምትም ናሙና እየተወሰደ አሲድነቱ፣ ማንጋኒዙ፣ አርሴኒኩና ሰልፌቱ ቢመዘገብ፣ ከዓሣውም ሥጋ በዓመት አንዴ ቢመረመር፣ ያ መዝገብ ነገ የካሳ ሰነድ ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው፤ መቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ላይ፣ ከገባ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ሁለቱ ተስማምተው ናሙና ለመውሰድ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ሥራው ግን ቀጣዩ የማጠቢያ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት መጀመር አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚወሰድ ናሙና የንጹሑን ባሮ ማስረጃ ሊሆን አይችልምና።